ፍርሃት ያልተሰፋባት ቆቅ

ሠላሳ ዓመት ሙሉ የስፌት መኪና ጠግና፣
ጡረታ ወጣሁ ባለች በሳምንቱ ገና፣
በሯን አንኳኳ ኦስሞ፣ ያ የወፍ አጥኚ፤
ጋዜጣ ውስጥ ቆቅ ይዟል። «ጡረታ ብለሽ አትተኚ፣
አውሊኪ። የመብራት ሽቦ ነው አንገቷን የመታት፤
እግሯን ተክለሽ አቁሚያት፣ አንገቷን መልሺላት።»

እኔ ጎረቤቷ ነኝ፤ ገመድ ያዥ፣ ብሎን አቀባይ፤
ያንን የካይኑ በረዶ የገፋሁት እጇን ሳይ።
ፀሐይ እንደ ባለዕዳ ብቅ ብላ ስትሸሸግ፣
ጥዱ ለበረዶው ጎንበስ ብሎ ሲያደገድግ፣
ቆዳዋን ገፈፈች፣ አደረቀች በጨው፤
አጥንቷን በቀጭን አሉሚኒየም ለወጠችው፤
ሁለት ሞተር ለአንገት፣ አንድ ለጅራቷ፣
ባትሪው ከነሽቦው ገባ ከደረቷ።

ዓይኗ ግን አስቸገረ።
ጥቁር ዶቃ ሞከረች፤ ወፏ መልሳ ሞተች።
መስታወት ቀብታ አስገባች፤ እንደ ሰካራም አፈጠጠች።
በመጨረሻ የካፖርቷን ሁለት ቁልፍ ቆርጣ
ስትተክላቸው ጊዜ፣ አየችን ዓይን ገልጣ።

ደግሞ የሞተሩ ድምፅ፤ እንደ ትንኝ እዝ ይላል።
«ይህን የሰማ አውራ እንዴት አድርጎ ያገባታል?»
አለችና ሣቀች፤ የሱፍ ካልሲዋን ቀዳ
ሞተሩን ጠቀለለች፤ ድምፁ ሆነ ዱዳ።

ሚያዝያ። ረግረጉ በረዶውን ሳይጥል፣
ከሌሊቱ ዘጠኝ፣ ሦስታችን በድንኳን ጥቅልል።
ወንዶቹ መጡ፤ ጥቁር፣ ቅንድባቸው ደም የመሰለ፣
ጅራታቸው እንደ ክራር ክንድ ወደ ውጭ ያዘነበለ፤
እንደሚፈላ ውሃ ሲንዶቀዶቁ ከሩቅ፣
በመካከላቸው ቆመች የአውሊኪ ቆቅ።

መቆጣጠሪያው እኔ እጅ ነው፤ ብርዱ ጣቴን ነክሶታል።
«አንገት» ይላል ኦስሞ፤ አንገቷ ቀና ይላል።
«ጅራት፣ ግን በቀስታ።»
አንዱ አውራ ክንፉን መሬት ለመሬት እየጎተተ
ዞራት፤ ሰገደላት፤ ለአሉሚኒየም ሞተ።
ኦስሞ ይጽፋል፤ ስንት ዙር፣ ስንት ስግደት፣ በስንት ሰኮንድ፤
አውሊኪ አትጽፍም፤ ታያለች አንድ በአንድ፣
የሰፋችው ቀሚስ ሠርግ ቤት እንደ ዋለ።

ድንገት ሜዳው ጸጥ አለ። ከዚያ ብር፣ ብርር፤
ጥቁሩ ሁሉ ተበትኖ ገባ ከዱር።
አንዲት ብቻ ቀረች፣ አንገቷን አቅንታ፣
እኔ እንዳዘዝኳት ሁሉ ጅራቷን ዘርግታ።
ቆቅ ወዲህ፣ ምዝግዝግ ወዲያ ይባላል በተረት፤
ጭልፊቱ ግን አልሳታት፤ ወረደባት ከአናት።
ሊሞጨልፋት ሲል ከበደችው፤
ሥጋ ያለው ነገር ኳ! አለ ከጥፍሩ በታች።
ለአፍታ ዓይን ለዓይን ተያዩ፣
እሱና ሁለቱ የካፖርት ቁልፎች፤
ከዚያ የጥፍሩን ስባሪ ጎኗ ላይ ትቶላት ሄደ።

«ጭልፊቱንም ሸወድነው!» አለ ኦስሞ፣ ሊያጽናና።
አውሊኪ ተንበርክካ ላባ ትለቅማለች ገና።
«መሽኮርመም አስተማርኳት፣ መኩራት አስተማርኳት፤
መፍራትን ግን ረሳሁ። ያለ እሱ ምን ወፍ ናት?»

ያን ሌሊት ከአናቷ ላይ ምስር የምታክል፣
ጥላና ብርሃን የምትለይ ሌላ ዓይን ቀበረች።
«እጅህን በመብራቱ ላይ አሳልፍ» አለችኝ።
አሳለፍኩ። ቆቋ ዝም።
ሽቦ ፈታች፣ ቋጠረች። ደግሜ አሳለፍኩ። ዝም።
አርባ ጊዜ ይሁን ሃምሳ፣ የገዛ ጥላዬ ሰለቸኝ፤
ከዚያ፣ ሳላስበው፣ ጉልበቷን አጥፋ፣ ክንፏን ሰብስባ፣
ጠረጴዛው ላይ ልጥፍ አለች።
ከእኔ እጅ። እጄን ኪሴ ከተትኩት።

አውሊኪ አልሣቀችም። «ለዛሬ ይበቃታል» አለች፤
መነጽሯን አጠፈች፤
ሁለት ቁልፍ የጎደለውን ካፖርቷን ደረበች፤
መብራቱን አጠፋች።
በጨለማው ውስጥ፣ ከጠረጴዛው በኩል፣
በሱፍ የታፈነ ትንሽ የሞተር ድምፅ ሰማን።