የጭቃ እርሾ

ዛሬ ቀይ ነው ወንዙ፤ ሰኞ ጥቁር ነበር።
አረቡ ከማሳው፣ ከድልድዩ በስተሥር፣
ጋዜጣ ሳይገልጥ፣ ሬዲዮ ሳይከፍት፣
ያውቃል ሰው ምን ቀለም እንደሚለብስ ለዓመት።
ሽንኩርቱን የሚያጠጣው በዚያው በቀዩ ነው፤
ሌላ ውሃ የለም፣ ሌላስ ከየት ያምጣው?

ስሜ ዘምዘም ነው። ስሙን ያወጣው ሰው
ዕጣዋ ፍሳሽ ነው ብሎ መች አሰበው?
ኮምቦልቻ ዳር ላይ፣ በአንዲት ጠባብ ክፍል፣
ከስድስት ባልዲ ጋር ይመሻል፣ ይነጋል።
ባልዲው ውስጥ ጭቃ አለ፤ ጭቃው ውስጥ ሕዝብ አለ፣
ለቆጠራ ያልወጣ፣ ግብር ያልከፈለ፤
በማጉያ መነጽር ካላጎነበሱ
ለዐይን የማይታይ ግርግሩ፣ ድግሱ።
እኔ ቀለም ቆጥሬ ዲግሪ ነው የያዝሁት፤
እነሱ አልቆጠሩም፤ ቀለሙን በሉት።

የመጀመሪያው ዘር ከባሕር ማዶ ነው፣
በበረዶ ታሽጎ፣ ደብዳቤ ያጀበው።
የላቲን ስም ነበረው፣ ማኅተም ነበረው፣
የራሱ ፍሪጅ፣ የራሱ ክብር ነበረው።
መብራት ግን አልነበረም።

ቅዳሜ ማታ ሄደ፤ እስከ ሰኞ ቀረ፤
ፓምፑ ትንፋሹን ዋጠ፣ ባልዲው ጠቆረ፤
ሰኞ በሩን ስከፍት የስምንት ወር ሥራ
የገማ እንቁላል ሆኖ ጠበቀኝ ከበሩ ጋራ።

አላለቀስኩም ብል ውሸት ነው፤ አልቅሻለሁ፣
ባልዲውን እያጠብኩ። እያጠብኩት ሳለሁ
ትዝ አለችኝ ብርቅነሽ፣ የአጥራችን ጎረቤት፣
እርሾ ሲሞትባት፣ ጣሳ ይዛ በሌሊት፣
«የፋጡማ እናት፣ ከእርሾሽ ጥቂት ጠብ አርጊልኝ» ስትል።
ደብዳቤ የለ፣ ደረሰኝ የለ፤
እርሾ እንደሁ ሲያበድሩት አይጎድል።

ወረድኩኝ ወደ ቦርከና ቦት ጫማ አጥልቄ፣
ቱቦው ከሚተፋበት እስከ ጉልበት ጠልቄ።
ሃያ ዓመት ቀለም የጠጣ፣ የሰከረ ጭቃ፣
ማንም ያልዘራው ዘር ከውስጡ የነቃ!
ለካ መድኃኒቱ ኖሯል ከመርዙ ጎን ለጎን፣
እኛ ባሕር ማዶ ስናስስ መልሱን።

አረቡ ከቦዩ ዳር፣ አካፋ ተደግፎ፣
«ምን ጠፋብሽ?» አለኝ።
«እርሾ።»
ሳቀ ጥርሱ እስኪታይ።
«ይኼም ያቦካል እንዴ?»
«እንጃ፤ እስቲ ልይ።»

መብራት ዳግም ሄደ፤ በጥቅምት፣ ሦስት ቀን።
በሩን የከፈትኩት በፍርሃት ነው። ጭቃው ግን
ተኝቶ ነበር እንጂ አልሞተም፤ ነቃ፤
ሲጠፋ ሲበራ ያደገ የአገር ቤት ጭቃ።

ከዚያ ወዲያ ያለውን በሰንጠረዥ ጽፌዋለሁ፤
እዚህ ግን ያየሁትን ብቻ እናገራለሁ።
ቀዩ ማታ ሮዝ ሆነ፣ ንጋት ላይ ገለባ መሰለ፤
በሦስተኛው ቀን ከጠርሙሱ ጀርባ
የመዳፌ መስመር ጎልቶ ተሳለ።

አንድ ጀሪካን ሞልቼ ለአረቡ ወሰድኩለት።
በብርጭቆ ቀድቶ ወደ ፀሐይ አነሳው፣ አሸተተው፣ አሰበበት።
«ይጠጣል?»
«አይ፣ ገና ነው። ጨው አለው። ያልለካነውም አለ።
የጠራ ሁሉ ንጹሕ አይደለም።»
ራሱን ነቀነቀ። ይህን ከእኔ በፊት የሚያውቅ መሰለ።
«ሽንኩርቱስ?»
«አንዱን መደብ በዚህ አጠጣው፣
ሌላውን እንደ ወትሮው በወንዙ። እኔ እመዘግባለሁ፤
ልዩነቱን እናየዋለን።»
ጀሪካኑን አየ። ሁለቱን መደብ አየ። ቆየ፤ ዝም አለ።
«እሺ» አለኝ በመጨረሻ፣
«ግን ያኛው መደብ ምን በደለ?»

መዝገቤ ውስጥ «አስተያየት» ከሚለው ረድፍ ሥር
ቃሉን እንዳለ ጻፍኩት።
ወንዙ ያን ቀን ቢጫ ነበር።