የድምፁ አምፖል

ከዚራ ሲኒማ፣ እንጨት አግዳሚ ላይ፣
ለውዝ እየፈለፈልን ስናንጋጥጥ ሰማይ፣
ሰማዩ አቡጀዲ፣ ጥጉ የተጣፈ፣
ስንቱ መንኮራኩር በላዩ ያለፈ፤

ጋሽ ኢድሪስ ነበሩ ከፊት የሚቀመጡ፣
ከባቡር ጋራዡ በቱታ የመጡ፣
ግራሶ ያልለቀቀው ጣታቸውን ቀስረው
ፊልሙን ይሞግታሉ እንደ ችሎት ቆመው፦

«መርከብ በጠፈር ላይ ፈንድቶ ይጮሃል?
አየር በሌለበት ድምፁን ማን ያዝለዋል?»

በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣
በሶማልኛም እኛ፦
«ዝም በሉ!»
ከሁሉ የምጮኸው እኔ ነበርኩ።

አንድ ቅዳሜ ታዲያ፣ ወበቁ እንዳየለ፣
ከዘካርያስ ጓዳ የድምፁ አምፖል ተቃጠለ።
ሥዕሉ ግን ቀጠለ።
መርከቢቱ ፈነዳች ያለ አንዳች ኮሽታ፣
እንደ መንደሪን ልጣጭ ቀስ ብላ ተፈትታ።

ፉጨት። «ፍራንካችንን!» ነጠላ ጫማ በረረ።
ጋሽ ኢድሪስ ብቻ ተነሥተው፣
ጥላቸው ፕላኔቷን ሸፍኖ፣
ያጨበጭባሉ፦
«አሁን ገና እውነት ተናገረ!» ይላሉ።

ስንወጣ ጆሮዬን ሐዲዱ ላይ አስለጠፉኝ።
አንዳች ነገር ይነዝራል፣ ከሩቅ፣ እንደ ንብ።
«የሽንሌው ባቡር ነው። ገና አልታየም።
ብረት ወሬ ይቀድማል፣
አየር አርፍዶ ያደርሳል፣
ባዶው ግን ምን ያውቃል?»

ዘንድሮ ሄጄ ነበር።
ሐዲዱ ዝጓል፤ ፍየል ቆማበታለች።
ተንበርክኬ ጆሮዬን አስጠጋሁ፣
ፀሐይ ያጋለው ብረት ጉንጬን ለበለበኝ እንጂ
ትንፍሽ አላለም።

አየሩ አለ። ብረቱም አለ።

ጋሽ ኢድሪስ፣ ያኔ
በሦስት ቋንቋ «ዝም በሉ» ስንል
አልሰሙንም ነበር።
አሁን ሰሙን።