የልየው ዋንዛ

ዋንዛው የልየው ነው፣ ግንዱም ከእርሱ ደጅ፤
ጥላው ግን የእኔ ነው፣ ያልጠራሁት ወዳጅ፤
ጠዋት ከጓሮዬ ተዘርግቶ ያረፈ፣
ጀምበር ስትጠልቅ እንኳ እግሩን ያላጠፈ።
ቀበሌ ከሰስሁት፣ አንዴ ሁለቴ ሳይሆን፤
«ለጥላ» አሉኝ ስቀው፣ «ማን ያቆማል ወሰን?»

ሠላሳ ሁለት ዓመት፣ በውሃ ጽሕፈት ቤት፣
የቡሬን ከተማ ቧንቧ ስዘጋ ስከፍት
ኖሬ ጡረታ ወጣሁ፤ እጄ ግን አልወጣም፤
የደረቀ ካየ ሳያርስ አይመጣም።
ጽጌረዳ ተከልሁ፣ ቅጠሏ ነጣብኝ፤
ጎመኑ ፀሐይ ሲሻ አንገቱ ረዘመብኝ፤
ቃሪያው አበበና ሳያፈራ ቀረ።
እኔ ጀሪካን ይዤ ስዞር፣ ምድሩ ጭቃ ሆኖ አደረ።

የእህቴ ልጅ አንጓች ከእንጅባራ መጥታ፣
በክብሪት ቀፎ ውስጥ ቁራጭ ነገር አምጥታ
(ቅጠሉ ድፍን ነው፣ ጥቃቅን እንደ ምስር፣
እንዳሁላን መሳይ፣ ግን የሚድህ በምድር)
«ጣለው» አለች፣ «አጎቴ። አትትከለው፤ ጣለው።
ውሃውን በሆዱ ይዞታል፤ አንተ ዝም በለው።»
ስሙን ብጠይቃት፣ «እኔ እንጃ!»

እንዴት ዝም ይባላል? ጠዋት አጠጣሁት፣
ማታ አጠጣሁት፣
ሌሊት ተነሥቼ በባትሪ ጎበኘሁት።
በሳምንቱ ጠቁሮ፣
እንደ በሰበሰ ሽንኩርት ሟሽሾ አገኘሁት።
ዝቄ ወረወርሁት ከግንቡ ጥግ፣ ከድንጋዩ ክምር፤
መዝገቡ ተዘጋ፣ አልሁኝ፣ ከነጥላው ይቅር።

ያን ክረምት ወገቤ ይዞኝ ተኝቼ ከረምሁ፤
ዝናቡን በቆርቆሮው ሰማሁ እንጂ፣ ጓሮውን አላየሁ።
በመስከረም ወጣሁ፣ ምርኩዝ ተመርኩዤ፣
ማጠጫዬን ትቼ መጥረጊያ ብቻ ይዤ።
ምድሩ ምንጣፍ ለብሷል፤ ድንጋዩ አይታይም፤
በየአንጓው ሥር ሰዶ ያልሄደበት የለም።
አረሙ መግቢያ አጥቶ ዳር ዳሩን ቆሟል።
በጣቴ ጫን አልሁት፦
ቀዝቃዛ፣ ሙሉ፣ የሕፃን ጉንጭ ያህል።

ከግንቡ ማዶ ልየው፦ «ጋሽ ይርሳው!
ይህ ሣርህ ድንበር አለፈ፣ በስንጥቁ ገባ፤ ምን ልበለው?»
ቆይቼ፣ ጉሮሮዬን ጠርጌ፦
«ለእርሱስ ማን ያቆማል ወሰን?» አልሁት።
ሳቀ። ሳቁን ከሰማሁ አራት ዓመት ሆነኝ፤
ረስቼው ነበር፣ ለካ እንዲህ ነው የሚያስል ዓይነት።
«ቆርጠህ ጣለው» አልሁት፣ «ወዲያ። አትትከለው።
ዝም በለው።»

ዛሬ ማታ በስንጥቁ አጮልቄ ሳይ፣
ልየው ጎንበስ ብሎ ከዋንዛው ሥር፣ ሚስቱ እንዳታይ፣
በጣሳ ውሃ ያንቆረቁራል፤
አንዴ ይጨምራል፣ ቀና ይላል፣ ደግሞ ይጨምራል።
ጮኬ ልነግረው አፌን ከፍቼ ነበር።
ተውሁት።