ሦስት ነጥብ

ጎተንበርግ፣ ሂሲንገን፣ ቅዳሜ፣ ካፊያ ዝናብ፤
ጋራዥ ውስጥ ነኝ፣ ዘግቼ የሳምንቱን የሰው ሒሳብ።
ደመወዜ ከቁጥር ነው፤ በያጅ አይደለሁም፤
ጎረቤት ዓሣ ያጠምዳል፤ እኔ ብረት ካልነካሁ
ቅዳሜ የዋለ አይመስለኝም።

መጀመሪያ የሠራሁት የቲማቲም መደገፊያ ነው፤
ስፌቱ ዶሮ የሄደችበት፣ እግሩም ያነከሰው።
ትርፌ ግን ዞራ ዞራ አየችው፣ በጣቷም ነካችው፤
"ከዓይን ያውጣህ" አለችኝ።
ምርቃት መስሎኝ ሳቅሁ። ምክር ነበር ለካ፤ አመለጠኝ።

ሩኔ፣ ከላይኛው ፎቅ፣ ሰማንያ ሊሞላው ነው፤
ወንዙ ዳር መርከብ ሲበይድ ነው ዕድሜውን የጨረሰው።
መርከብ መሥሪያው ተዘግቶ ቢሮና ምግብ ቤት ሆኗል፤
የሱ ዓይን ግን ፈረቃው አላለቀም፤
ሰኔ ሲመጣ መጋረጃ ይዘጋል፣ ደመና ቢሆንም ያለቅሳል።
እሱ ነው ያስተማረኝ፦
"ጭንብልህ ሳይወርድ ዘንጉ ብረት አይንካ።
መስታወቱ ቁጥር አሥራ አንድ። ባትሪውን በየጊዜው ለካ።
ነጩን ግድግዳ ጥቁር ቀባው፤ ብርሃን ነጥሮ በጀርባ ይገባል፤
አንገትህንም ሸፍን፤ ቆዳም ያያል።"
እሺ አልኩ። እሺ ማለት አይከብደኝም።
ግድግዳውን ግን አልቀባሁም።

የዚያን ቀን ለናርዶስ የብስክሌት ማቆሚያ እየሠራሁ ነበርኩ፤
ጭንብሉ አልጠቁር አለኝ፤ ባትሪው ሞቷል፤ መታሁት፣ አራገፍኩ።
ሱቁ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዘግቷል።
የቀረኝ ሦስት ነጥብ ነው፣ ቱቦው ቦታውን እስኪይዝ።
ሦስት ነጥብ ምን አላት? አልኩ፤ ዓይኔን ጨፍኜ ብይዝ?

አንድ። በቆቤ ውስጥ ዓለም ቀይ ሆነ።
ሁለት። ሳተ፤ ቱቦውን ትቶ ጠረጴዛው ላይ በነነ።
ጨፍኖ መበየድ በጨለማ መርፌ ክር ማስገባት ነው፤
ስለዚህ ገለጥ አደረግሁ፣ የሽፋሽፍት ያህል ነው፣ ያን ያህል ነው።
ሦስት።
ቀና ስል፣ ናርዶስ በሩ ላይ ቆማለች።

ራት በላን። ዜና አየሁ። ምንም የለም። "አየህ?" አልኩት ለራሴ።

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት አንድ ሰው ዓይኔ ውስጥ አሸዋ ደፋ፤
ሚጥሚጣ የተቀላቀለበት፤ ስገልጥ ይቆርጣል፣ ስዘጋ ይፈጫል፤
እንባዬ ይወርዳል፣ ሳልጠራው፣ ሳልከፋ።
ስንት ጊዜ ምዬበታለሁ፣ "ዓይኔን ግንባር ያድርገው" እያልኩ፤
ያን ሌሊት ባለዕዳው መጣ፤ መክፈል ጀመርኩ።

ትርፌ ድንች ቆረጠች፤ ወንድሟ ደብረ ብርሃን የብረት በር ይሠራል፤
"እነሱ እንዲህ ነው የሚያደርጉት" አለች።
መቀዝቀዙ ደግ ነበር፤ ከመቀዝቀዝ ሌላ ምንም አልነበረበትም።
ክቡ ድንች ከዓይኔ ሲንሸራተት
በሩ ላይ የቆመችው ትዝ አለችኝ።

ግድግዳ እየዳበስኩ ክፍሏ ደረስኩ።
"ናርዶስ፣ ቅድም ብርሃኑን አይተሻል?"
ዝም አለች፤
ሦስት ነጥብ የሚያህል ዝምታ።
"አላየሁም። ፊትህን ነበር የማየው።
ነጭ ሆኖ ነበር። የሌላ ሰው።"

እሑድ ጠዋት ሐኪም ቤት። ብጫ ጠብታ፣ ሰማያዊ መብራት።
አኒካ የምትባል ነርስ ዓይኔ ላይ አጎነበሰች፤
ነጠብጣብ አየች፤ ከሦስት ይበልጣል፣ በብዙ።
"ይድናል፣ በሁለት ቀን። አትሸው" አለች፤ "ድንቹን ለወጥ አድርጉት።"
ናርዶስንም አየቻት። ንጹሕ። አንድም የለባት።
ከወንበሩ መነሳት አቃተኝ ለጥቂት ጊዜ፤
ጠብታው ነው፣ አልኳት።

ሩኔ ሲሰማ አልተቆጣኝም። "ስንት ነጥብ?" አለ።
"ሦስት።"
"እኔም ሦስት ሦስት ነበር" አለና መጋረጃውን ሳበ።

ሰኞ ባትሪ ገዛሁ፣ ጥቁር ቀለምም፤
ጭንብል ሁለት፣ አንደኛው በሩ ላይ ለሚቆም።
ማቆሚያውን ግን ትናንት በእግሬ ነካ አደረግሁት፤
ሦስቱም ነጥብ አልያዘም ነበር።
ተላቆ ወደቀ።