የአህያው ድርሻ

ሠላሳ ቤት አለው፣ የጫማው መደርደሪያ፣
በየቤቱ ጠርዝ ላይ፣ የሥዕል መለያ፤
እንቁራሪት፣ ጃንጥላ፣ ሸርጣን፣ አንድ ዕንቁላል፣
ፊደል ያልቆጠረ ልጅ፣ በዚያ ስሙን ያውቃል።
ዘንድሮ ሦስቱ ብቻ፣ ጫማ ገባባቸው፤
ሃያ ሰባቱማ፣ አቧራም የላቸው፣
ሲስተር ሺራሃማ ማለዳ ማለዳ እየወለወለቻቸው።

እኔ ዓሣ አጥማጅ ነኝ፤ ክርስትና አልተነሣሁ፣
ለሟች ሚስቴ ከቡድሃው ፊት፣ ሩዝ ማኖር አንድ ቀን አልረሣሁ።
ግን በዚህች ደሴት ላይ፣ ሕፃን የሚውልበት፣
ይኸው ነው ያለው ቤት፤
ጣሪያው ዝገት የበላው፣ የካቶሊክ መዋዕለ ሕፃናት፣
ማርያም በረንዳው ላይ፣ ጀልባ የምትቆጥርበት።
ከኛ ሰፈር መንገድ የለም፤ እናቷም ፋብሪካ ናት፣
እኔ ነኝ በጀልባ፣ ኮሃሩን የማመላልሳት።

በመጀመሪያው ቀን፣ ሲስተር በርከክ ብላ፣
ትንሿን ጫማ ይዛ፣ ጥንዱን አስተካክላ፣
«አፍንጫው ወደ በር» አለቻት፣ «እንዲህ፣ ጎን ለጎን፤
ስትወጪ የሚጠብቅሽ፣ ዝግጁ እንዲሆን።»
እኔ ቦቲዬን፣ ስወረውር የኖርኩ፣
ያን ዕለት ማንም ሳያይ፣ ጎንበስ ብዬ አዞርኩ።

ታኅሣሥ ገባ።
ካሜሊያው ከአጥሩ ላይ ቀላ።
ሲስተር ወረቀት ይዛ መጣች፦
ማርያም፣ ኮሃሩ። ዮሴፍ፣ ጌንታ።
መልአኩም፣ እረኛውም፣ ሦስቱም ነገሥታት፣ ሺኦሪ።
«አህያ ጎደለን» አለችኝ፣ ፊቷ ሳይፈታ።
«ጉልበቴን ያመኛል» አልኳት።
«ታዲያ ማርያም በእግሯ ትሂድ?
ወሯ የገባ ሴት?»
ለዚህ መልስ ያለው ሰው፣ ከኔ የተሻለ ነው።

ጆሮዬን ከአሮጌ ብርድ ልብስ ቀደዱ፣
ጭራዬ የራሴው የመልሕቅ ገመድ ነበር።
ተመልካቹ ፖስተኛው፣ ሁለት ባልቴቶች፣
ከጎረቤት ደሴት የመጡት ቄስ፣ አንድ ፖሊስ።
ከፒያኖው እስከ መስኮቱ፣
ናዝሬት እዚህ፣ ቤተልሔም እዚያ፣
በጉልበት ቢኬድ፣ አሥራ ሁለት እርምጃ።
ጌንታ ገመዱን ወደ ማሞቂያው ይጎትታል፣
እዚያ ይሞቃላ!

መሐል መንገድ ላይ፣ ጀርባዬ ላይ ያለችው፣
በብርድ ልብሱ ጆሮ፣ በገዛ ጆሮዬ፣
«አያቴ፣ ቀስ በል» አለች።
«ከደረስን እኮ ያልቃል።»

መጋቢት ላይ እንደሚዘጋ፣
ማን ነገራት?
እኛ ትልልቆቹ፣ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን፣
ልጅ የማይሰማ መስሎን ያወራነው ነው።
አሥራ ስምንት ኪሎ ናት።
ከዚህ የከበደ ዓሣ ተሸክሜ አውቃለሁ፣
የሚስቴን ሣጥን ተሸክሜ አውቃለሁ።
ቆምኩ።
አህያው እንቢ አለ።
ሰዉ ሳቀ፤ ጌንታ ጎተተ፤
ሺኦሪ ከወንበር ሰማይዋ ወርዳ፣
ክንፏን እንደ ለበሰች ከኋላ ገፋችኝ።
ሲስተር በመነጽሯ አናት አየችን፤
ዜማው አልቆ ነበር፣
እጇን አነሣች፣
ከመጀመሪያው ጀመረችው።
ደግሞም ጀመረችው።

መጋቢት እንደ ቀጠሮው መጣ።
የደወሉ ምላስ በጨርቅ ተጠቀለለ፤
ሸርጣኑን ልጣ ለኮሃሩ ሰጠቻት፣
ጃንጥላውን ለጌንታ፣ ዕንቁላሉን ለሺኦሪ፤
ሌሎቹን ባሉበት ተወቻቸው።

በአንድ ሻንጣ ወደ ወደቡ ወረደች፣
ናጋሳኪ ወዳለው ገዳሟ ልወስዳት።
ከጀልባዬ አፋፍ ስትደርስ፣ እጇ ለምዶ፣
ጫማዋን አወለቀች!
በነጭ ካልሲዋ፣ ቅርፊት በሞላው ወለል ላይ ቆማ፣
ምን እንዳደረገች ስታውቅ፣ ቀላች፣
አፏን ይዛ ሳቀች።

ሞተሩን ከማስነሣቴ በፊት ጎንበስ አልኩ፤
ጥንዱን አጋጥሜ፣ ጎን ለጎን፣
አፍንጫቸውን
ወደ ደሴቲቱ አዞርኩ።