ሃያ አራት ጥርስ

ሂርማታ፣ ከገበያው ጀርባ፣ አባ ፊጣ ክቡን መጋዝ
በእጁ ያዞረዋል፤ ሞተሩ ገና አልተነሳም።
የምስማር ጫፍ ጥርሶቹ ላይ ያስነካል፦
ቀጭ። ቀጭ። ቀጭ።
«ቁጠር» ይለኛል። «የሚቆጠር ከሆነ ገና ድምፅ አልሆነም፣
ኮቴ ነው።»
ቆጠርኩ። ሃያ አራት ኮቴ፣ አንድ ዙር።

ከዚያ ማብሪያውን ተጫነ፤
ኮቴው ሁሉ ሩጫ ሆነ፤
ተጠጋጉ፣ ተረጋገጡ፣ ተነካኩ፣
አንዱ ሳይሄድ ሌላው ደርሶ ተተካኩ።
የትኛው ጥርስ የትኛው ነው? መለየቱ አከተመ፤
አንድ ክር ሆነው ተፈተሉ፣ እስከ አዌቱ የረዘመ።

«ድግግሞሽ» የሚል ቃል ሰሌዳ ላይ አይቼ፣
ለፈተና ሸምድጄ፣ በማግስቱ ረስቼ፣
እዚህ ነው ያገኘሁት፣ ሰጋቱራ ላይ ቆሜ፣
ጥርስ ስሞርድ ውዬ ደክሜ።

ግድግዳው ላይ ሌላ አለ፣ አርባ ስምንት ጥርስ ያበቀለ፤
በዚያው ሞተር፣ በዚያው ፍጥነት ሲያስረው፣ ቀጥኖ ወደ ላይ ዘለለ።
«ሌላ ነው» አልኩ።
«ያው ነው፤ ልጅ ሆኖ ነው እንጂ።
መስጊድ አባትና ልጅ ጎን ለጎን ቆመው
አሚን ሲሉ ሰምተህ አታውቅም?
ሠላሳ ስድስቱን ለአባ ገሮ አውሼዋለሁ፤
እሱ ደግሞ የሁለቱም ጎረቤት ነው፣
ቤቱ ሌላ፣ ጠብ የለውም።»
«ቀጭኑ ይሰማል?» ብዬ ጠየቅሁት።
ሳቀ። «ከጆሮዬ ከጠፋ ቆየ።
ያንተን ፊት ነው የማየው፤
ዓይንህ ሲጨማደድ፣ መጣ እላለሁ።»

ዋንዛ ሲገባለት ትንሽ ነው ዝቅ የሚለው፤
ጥቁር እንጨት ግን ጉልበቱን ነው የሚፈትነው፤
ዙሩ ሲዘገይ ኮቴው ይራራቃል፣ ዜማው ይወርዳል፤
አንጓው ገና ሳይታይ የአባ ፊጣ መዳፍ ይረዳል።
ሦስት እግር ለአንድ በርጩማ፣ ሦስት ጊዜ እንዲህ ወርዶ፣
ሦስት ጊዜ ተመለሰ፣ የተወውን ቦታ ለምዶ።

ከሰዓት ዝናብ መጣ። የጅማ ዝናብ በር አያንኳኳም።
ቆርቆሮው ላይ ሺህ ጠብታ ወደቀ፣
አንዱ ሌላውን ሳይጠብቅ።
ከመጋዙ ይበልጥ ይጮኻል፣
ግን በጉሮሮዬ ልከተለው ብል የቱ ጋ ልያዘው?
ያለፈው ጠብታ ለሚመጣው ሰዓት አልነገረውም።
አባ ፊጣ ጆሮዬ ሥር ጮኸ፦
«ቀጠሮ የሌለው!»

መብራት ሄደ።
ሂርማታ ባንድ ጊዜ ዝም፣ ብየዳው፣ ወፍጮው፣ ሙዚቃ ቤቱ፤
የኛ መጋዝ ግን ገና ነው፣ አላለቀለትም ጉልበቱ።
ደረጃ እንደሚወርድ ሽማግሌ፣ አንድ እግር፣ ሌላ እግር፣
ዝቅ አለ፣ ወፈረ፤ ማጉረምረም ብቻ ቀረ፤
ክሩ ተተረተረ።
ጎኑ የተሰነቀረ ስንጥር እየነካቸው
ጥርሶቹ ከዜማው ውስጥ አንድ በአንድ ወጡ፦
ቀጭ።
ቀጭ።

«አሁን ቁጠር» አለ፣ ጣቱን አንስቶ።
ሃያ ሁለት።
ሃያ ሦስት።
ሃያ አራተኛው ስንጥሩ ጋ ሳይደርስ ቆመ።

እኔ በአፌ «ቀጭ» አልኩለት።
አባ ፊጣ ፊቴን አየና
እንደሰማ ሰው ራሱን ነቀነቀ።