ደም ሳሙይ

በደንቡ መጽሐፍ ላይ አስተርጓሚ ቧንቧ ነው፤
የሰጡትን ያወርዳል፣ የራሱ ውኃ የለው።
አሥራ ዘጠኝ ዓመት፣ በኪርያት ጋት ክሊኒክ፣
ሳልጨምር ሳልቀንስ አወረድኩ፣ ልክ በልክ።

አቶ አድምጤ ገቡ በነሐሴ ቀትር፣
ከዘራቸው የወለሉን ሰድል አንድ በአንድ ሲቆጥር።
ዶክተር ጋሊና፣ ዕብራይስጧ ሩሲያን ገና ያልለቀቀ፣
ፖስታ አነሣች ከጠረጴዛው፣ ጫፉ ያልተቦጨቀ።
«ቤዲካት ደም ሳሙይ» አለች።

«ደም ሰማይ?» አሉ ቀድመውኝ፣ ፊታቸው ጥቁር ብሎ፣
«በማን ላይ ሊዘንብ ነው ደግሞ፣ የግብጹ አነሰ ተብሎ?»

«አይደለም አባባ፤ ሳሙይ ማለት ስውር፣ የተደበቀ፤
ዓይን የማያየው ደም ነው፣ ከሰገራ የተደባለቀ።»
«ደም» የሚለውን አልተረጎምኩም። ሥራዬን ቀማኝ ይህ ቃል፤
እዚያም ደም ነው፣ እዚህም ደም፤ ሁሉ አፍ በሱ ይስማማል።

በእኛ ወግ ደም ይለያል፤ ጎጆው ከመንደር ራቅ ይላል።
ይሄኛው ግን ከቤት ሳይወጣ ከምሰሶው ሥር ይቀመጣል።

ብልቃጧ ከእስክሪብቶ ታንሳለች፣ ጭራሮ የምታህል እንጨት አላት።
አሳየኋቸው። አዩኝ። ጣራውን አዩት።
«እኔ ሁለት ወገን አስታርቄ፣ ደም ያደረቅሁ በምክር፣
ይህን በብልቃጥ ይዤ ልዙር? በአውቶቡስ? በሰፈር?»
አወረድኩላት። ዶክተሯ ሳቀች፤ እሳቸውም ሳይወዱ ሳቁ፣
ብልቃጧንም በሦስት መሐረብ ጠቅልለው ከኪስ ደበቁ።

*

በመስከረም ተጠሩ። ስውሩ ተገልጧል።
«በካሜራ አንጀታቸው ይታይ፣ በዚህ ወር ቦታ ተገኝቷል።
ያ በሽታ ላይሆን ይችላል፤ ከሆነም ገና ጨቅላ ነው፤
ሳይጠነክር ከደረስንበት በአንድ ጠዋት የምንነቅለው።»

ከዘራው ሰድል ቆጠረ።
«ከስግድ በኋላ ይሁን» አሉ።

ይህን ሐረግ አውቀዋለሁ። በአባቴ ድምፅ አውቀዋለሁ።

ሦስት ፖስታ፣ በዓመት በዓመቱ የመጡ፣
ከመብራት ሒሳብ በታች እንደታሸጉ ተቀመጡ።
ያገኘኋቸው በሺቫው ስድስተኛ ቀን፣ ዘመድ ሻይ ሲጠጣ።
«ምነው ከሳህ?» ስለው «ከስግድ በኋላ እታያለሁ» ብሎኝ ነበር።
ስግድ መጣ፤ እሱ ግን ያን ዳገት አልወጣ።
ቀን ሙሉ የሰው ጆሮ ስሆን፣ የባዕድ ሰው አንደበት፣
ማታ ለገዛ አባቴ አንድ ፖስታ አላነበብኩለት።

ዶክተሯ ትጠብቃለች። ደንቡ ቧንቧ ነሽ ይላል።
ቧንቧም ሲያረጅ ያንጠባጥባል።

«አባቴም ከስግድ በኋላ ብሎኝ ነበር» አልኳቸው።
ሌላ አልጨመርኩም።
ከዘራው መቁጠር አቆመ።

«ምን አልሻቸው?» አለች ጋሊና።
«ተረጎምኩ» አልኳት።

*

ከሱኮት በኋላ፣ በአንድ ማክሰኞ ጠዋት፣
እንጉዳይ ወጣች ከውስጣቸው፣ የጣት ጫፍ የምታህል፣ ግንድ ያላት።
«ሁለት ዓመት ብትቆይ ኖሮ ስሟ ይለወጥ ነበር» አለች ዶክተሯ፣
ዓይኗን ከወረቀቱ ሳታነሣ።
ይህንንም አወረድኩ፣ ልክ በልክ።
«ለመሆኑ የት ጣሏት?» ብቻ አሉ አቶ አድምጤ።

በስግድ ዕለት ስልኬ ጮኸ፤ ከኢየሩሳሌም፣ ከዳገቱ፣
ነፋስ ድምፃቸውን ይበላል፣ ከኋላ የካህናቱ ዜማ፣ የጃንጥላው ብዛቱ
ሲንኳኳ ይሰማኛል።
«ወጣሁት» አሉ። «ሰማሽ? በእግሬ ወጣሁት።»

ከዚያ ሳል። ከዚያ ዝምታ። ከዚያ፦
«ልጄ፣ አንቺስ ዕድሜሽ ስንት ሆነ?»
«ሃምሳ» አልኩ፣ «ባለፈው ወር።»
«ፖስታውስ?»

ፖስታው መሳቢያዬ ውስጥ ነው፣ ከመብራት ሒሳቡ ሥር።